ቅርብ ናት ያልኩበት ቀን

ባለፈው ወር ደባርቅ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ስልጠና ነበር። ጠፍቶ የከረመው የውጭ አገር እንግዳ ሲመለስ ለሚያስተናግዱ ወጣቶች ነው የተባለው። እኔ ለተራራ መንገደኞች ሳበስል ኖሬ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ «ልምድ ያካፍሉ» ተብዬ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። አሰልጣኙ ንጹሕ የለበሰ ልጅ ነው፤ ግድግዳው ላይ በመብራት ጽሑፍ እያሳየ ያስተምራል።

«ፈረንጅ ያው ፈረንጅ ነው» አለ። «ታሪካችንን አሳምራችሁ ንገሩት። ስለ መንገዱ ሲጠይቃችሁ አታስፈራሩት።»

ተነሣሁ።

«ልጄ፣ አንተ ስንት ቀን ከፈረንጅ ጋር በእግርህ ሄደሃል?»

«እማማ፣ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው።»

«ጥያቄ አይደለም። ፈረንጅ የሚባል አገር የለም። አሜሪካዊና አውሮፓዊ በሁለት ነገር አይገናኙም፤ በዘመንና በመንገድ። ይህን ሳታስተምር ‹አታስፈራሩት› ብለህ ከላክሃቸው ሰው ያሰብራሉ። እኔ አሰብሬያለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አሰልጣኙም ሳቀ። «እማማ የሺን አጨብጭቡላቸው» አለና ጽሑፉን ቀየረ።

እኔ ስቄ አልወጣሁም። በዚያው ሳምንት አለባቸው የሚባል ባለበቅሎ የበቅሎ ጫኞች ማኅበር ዘንድ ሊመዘገብ ሄዶ ሳይመዘገብ ተመልሷል። መዝገቡ ላይ «እንግዳ ጥሎ የሄደ» የሚል ወረቀት ተገኘበት፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ወረቀት። አለባቸው እንግዳ ጥሎ አያውቅም። በዚያ ወረቀት ላይ መጻፍ የነበረበት የእኔ ስም ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እጽፈዋለሁ። የልጅ ልጄ ፊደሌን ታርምልኛለች፤ ሐሳቤን እንዳትነካ አስጠንቅቄያታለሁ።

የተወለድኩት ዳባት ገጠር ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ በኋላም ማታ እየተማርኩ እስከ ስድስተኛ ደረስኩ። ባሌን ፈትቼ ሁለት ልጆች ይዤ ደባርቅ ስገባ አንድ ሆቴል ሳህን አጠብኩ። ደሞዙ የሚወራ አይደለም። ሦስት አለቃ ተፈራረቀብኝ፤ አንዱ ጨው ቆልፎ የሚይዝ፣ አንዱ ስሜን ሳያውቅ ሁለት ዓመት «አንቺዬ» እያለ ያዘዘኝ፣ ሦስተኛው ደግሞ ደግ ነበርና ቶሎ ከሰረ።

ከዚያ ያወጡኝ አያ ተሰማ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ተራራ ላይ ከሚያበስሉት ሁሉ ትልቁ እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብተው ምስር ስለቅም ቆመው አዩኝ።

«ይህችን ልጅ ስጡኝ» አሉ።

«ሴት እኮ ተራራ ላይ አታበስልም አያ» አላቸው ባለሆቴሉ።

«ታዲያ እናንተ ቤት ማን ነው የሚያበስለው? በሬው?»

በዚህ ቃል ሃያ ሁለት ዓመት ተራራ ላይ ኖርኩ።

የተራራ ወጥ ቤት እንደ ቤት ወጥ ቤት አይደለም። ከፍታው ላይ ውኃው ቶሎ ይንተከተካል እንጂ አያበስልም፤ ድንች ሰዓት ሙሉ ተቀቅሎ ልቡ ጥሬ ነው። ምስሩን ጠዋት በጀሪካን ዘፍዝፈን በቅሎ ላይ እንጭነዋለን፤ በቅሎዋ ቀኑን ሙሉ ስትንጠው ሰፈር ስንደርስ ለስልሶ ይጠብቀናል። እንቁላል ገብስ ውስጥ ቀብሮ መጫን ነው፤ ገብሱን ማታ በቅሎዋ ትበላዋለች፣ እንቁላሉን ጠዋት እንግዳው ይበላዋል። ወጥ ቤት ከእንግዳው በኋላ ተነሥቶ ከእንግዳው በፊት መድረስ አለበት። እንግዳ ሲመጣ ድንኳኑ ቆሞ፣ ሻይና ፈንዲሻ ቀርቦ ካላገኘ፣ የራት ጥበብህን ሁሉ ብታፈስለት ፊቱ አይፈታም።

አያ ተሰማ ግን ድስት ከመጣዳቸው በፊት አንድ ልማድ ነበራቸው። እንግዶቹ ከመኪና ሲወርዱ ሄደው ጫማቸውን ያያሉ። ቀጥሎ በአስጎብኚው አፍ «አገራችሁ ወዴት ነው?» ይላሉ። ቀጥሎ «እናታችሁ ቤት ከእናንተ ቤት ምን ያህል ይርቃል?» ይላሉ። ሁልጊዜ ሦስተኛዋ ይህችው ናት። አስጎብኚዎቹ ያፍሩባቸው ነበር። እንግዶቹ ግን ደስ ብሏቸው ይመልሳሉ።

አሜሪካዊው «ቅርብ ነው፣ በመኪና ስድስት ሰዓት» ይላል። አውሮፓዊቷ «ኧረ ሩቅ ነው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ በዓል በዓል ነው የምሄደው» ትላለች። እኔ መጀመሪያ አስጎብኚው የተሳሳተ መስሎኝ ነበር።

«አልተሳሳተም» አሉኝ አያ ተሰማ ሽንኩርት እየከተፉ። «የአንዱ አገር ሜዳው አያልቅም። የሌላዋ አገር ሦስት ኮረብታ ካለፍሽ ቋንቋው ይለወጣል። እግራቸው የተማረው እዚያ ነው።»

ዘመን ላይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ይመጣል። አምባራስ መንደር አንድ አባት ቤት ገብተን ነበር። ምሰሶውን እየዳበሱ «ይህን ያቆሙት የአያቴ አባት ናቸው» አሉ። አብሮን የነበረው አሜሪካዊ ግንድ የሚያክል ሰው ነው፤ ባርኔጣውን አወለቀ። «እኔ የተወለድኩባት ከተማ ከዚህ ምሰሶ ታንሳለች» አለና ምሰሶውን በመዳፉ ነካው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሳምንቱ እዚያው ቤት አውሮፓውያን ይዘን ገባን። ባልና ሚስት ናቸው። ሰውዬው በትሕትና ሰማና «መልካም ነው፣ የእኛ መንደር መጠጥ ቤት አራት መቶ ዓመቱ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል» አለ። ከዚያ ሚስቱ ጠየቀች፤ «ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ስንት ሰዓት ተጉዘው ነው? በእግር? ሁለት ሰዓት?» ለምሰሶው ያልደነገጠችው ሴትዮ ለመንገዱ ደረቷን ያዘች። በዚያ ርቀት እነሱ አገር ድንበር ይሻገሩበታል።

«እንግዲህ ያዥ» አሉኝ አያ ተሰማ። «ለአሜሪካዊ ዕድሜ ንገሪው፤ መንገዱን ራሱ ይጨርሰዋል። አውሮፓዊ ግን ዕድሜ ቤቱ ጠግቦ መጥቷል፤ ለእሱ መንገዱን በልክ ንገሪው። በልክ። ደቂቃ አትቀንሺ።»

ሁሉም እንዲህ ነው አልልም። ትንሽ ቁልቁለት የምታስለቅሰው አሜሪካዊም አይቻለሁ፣ ገደል ላይ ፍየል የሆነች አውሮፓዊትም አይቻለሁ። ነገር ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የአያ ተሰማ ሚዛን ብዙ ጊዜ አልዋሸኝም። እኔ ነኝ የዋሸሁት።

እኛ የዚህ አገር ሰዎች ከሁለቱም አንመሳሰልም። ዕድሜ እናስረዝማለን፣ መንገድ እናሳጥራለን። አንድ ወጣት አስጎብኚ የከብት ጉረኖ አጥር ለአሜሪካኖች «የንጉሥ ግንብ ነው» ብሎ ሲያስለቅሳቸው ሰምቼ ድስቴን ጥዬ ሄጄ ሰድቤዋለሁ። «ደስ ይበላቸው ብዬ ነው» አለኝ። መንገድንም የምናሳጥረው ደስ ይበላቸው ብለን ነው። ለደከመ መንገደኛ ሩቅ ነው አይባልም። ነውር ነው፤ ጉልበቱን መስበር ነው። ጃናሞራ ውስጥ ገበሬውን «ስንት ይቀረናል?» ብትለው በአገጩ እየጠቆመ «እዚያች ዘንድ ናት» ይልሃል። ጀንበር እስክትጠልቅ ትሄዳለህ። ሌላው ገበሬም «ደርሳችኋል፣ እዚያች ናት» ይልሃል። ማናቸውም ክፉ ሰው አይደሉም። እኛ ለእኛ ስንባባል እናውቀዋለን፤ ቃሉ ምርቃት እንጂ ልክ አይደለም። እንግዳው ግን ይህን ከየት ይወቀው?

ያ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ነገር በሆነ ቀን ጨነቅ ከሚባለው ሰፈር ተነሥተን በቧሂት ተራራ በኩል ወደ ጃናሞራ እየወረድን ነበር። እንግዶቹ አምስት አውሮፓውያን ናቸው። አንደኛዋ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች፤ ማርታ ትባላለች። ጉልበቷን ያማታል። ስለዚህ አንድ የመቀመጫ በቅሎ ከእነባለበቅሎው ተቀጥራላታለች፤ ባለበቅሎው አለባቸው ነው። ማርታ በየእረፍቱ የቀረውን ሰዓት ትጠይቃለች። ከሁለት ሰዓት በላይ ከሆነ በቅሎዋ ላይ ትቀመጣለች፣ ከዚያ በታች ከሆነ በእግሯ ትሄዳለች። ያለ ልክ አትንቀሳቀስም። አያ ተሰማ ያን ሳምንት ታመው ደባርቅ ቀርተዋል፤ የወጥ ቤቱ አለቃ እኔ ነኝ።

የተራራውን በር አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር የወጥ ቤቱ በቅሎ አነከሰች። ድስቱ፣ ቡታጋዙ፣ የሻይ ዕቃው ሁሉ እሷ ላይ ነው። ሰማዩ ከብዷል። አስጎብኚው ከአራቱ ጋር ቀድሞ ሄዷል። እኔ የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንግዳ ደርሶ ሻይ ሳይጠብቀው ሊቀር ነው። የአለባቸው በቅሎ ባዶዋን ከማርታ ኋላ ትሄዳለች።

«አለባቸው፣ የእኔን ጭነት በዚህች ጫንና ቅደም፤ ሻይ ጥደህ ጠብቅ» አልኩት።

«እትዬ የሺ፣ መንገዱ ገና ነው። በቅሎዋ ከሴትዮዋ አትለይ።»

«ቅርብ ናት። ጫን።»

«ቅርብ? ለማን ነው ቅርብ? ለጭልፊት?»

«ጫን አልኩህ!»

ማርታ በመካከላችን ቆማ ታየናለች። ጠየቀችኝ፤ ጥያቄዋን አውቀዋለሁ፣ በየእረፍቱ እሰማዋለሁ። ስንት ሰዓት? ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ። ደክሟታል። አፌ እናቴ እንዳስተማረችኝ ተናገረ። አንድ ጣቴን አነሣሁና ወደታች በአገጬ ጠቆምኩ። አንድ ሰዓት፤ እዚያች ዘንድ ናት። የቀረው ከሦስት ሰዓት በላይ ነበር።

ማርታ ፈገግ ብላ አለባቸውን በእጇ «ሂድ» አለችው። አለባቸው ጫነ። ሲሄድ ሁለት ጊዜ ዞሮ አይቶኛል።

ማርታ ከእኔ ጋር አንድ ሰዓት ሄደች። ሁለተኛው ሰዓት ላይ መጠየቅ አቆመች። ይህ ነው ያስፈራኝ፤ መጠየቅ ስታቆም። ከዚያ በረዶ ወረደ፤ ድንጋዩ እንደ ሳሙና ሆነ፣ ጉልበቷ ከዳት፣ ወደቀች። የአጥንቱን ድምፅ ሰምቻለሁ። ከታች መንደር ገበሬዎች ጠርቼ ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሟት። አራት አራት ሆነው እየተፈራረቁ «ደርሰናል፣ እዚያች ናት» ይሏታል። እንደዚያ ቀን ያንን ቃል ጠልቼው አላውቅም።

ሰፈር ስንደርስ አስጎብኚው መጣ። ማርታ ተኝታ እኔን አስጠራችኝና በእሱ አፍ አናገረችኝ።

«አንድ ያልሽኝ ለምንድን ነው?»

«ለደከመ ሰው ሩቅ ነው አይባልም እኛ ዘንድ» አልኩ።

አስጎብኚው ነገራት። ከዚያ የተናገረችውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «እንድታጽናኚኝ አልጠየቅሁሽም። በእግር ልሂድ ወይስ በበቅሎ፣ ልወስን ነው የጠየቅሁሽ። ውሳኔዬን ወሰድሽብኝ።»

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በሥራዬ እንዲህ ያለ እውነት የነገረኝ የለም።

ማርታ አገሯ ገባች። ቤተሰቦቿ ደብዳቤ ጻፉ፤ የተቀጠረችው በቅሎ የት ነበረች? የቀጠረን የአስጎብኚ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ጠራኝ።

«ባለበቅሎው እንግዳ ጥሎ ሄዷል» አለ።

«እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ሰዓቱንም የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ወጥ ቤት ነሽ። ወጥ ቤት ስለ መንገድ አይናገርም። ስለዚህ አልተናገርሽም።»

«ተናግሬያለሁ እኮ ጌታዬ!»

«የሺ፣ ልጆች አሉሽ አይደል?»

ሂሳቡ ግልጽ ነው። አስጎብኚው ቋንቋ ያውቃል፣ ይፈለጋል። የእኔን ሾርባ እንግዶች በደብዳቤ ያመሰግናሉ። አለባቸው ግን ምን አለው? በቅሎ ሞልቷል። ወረቀቱ ወደ ማኅበሩ ሄደ፤ አለባቸው ሥራ በወረፋ ከሚሰጥበት የተራ መዝገብ ተሰረዘ። እኔም ልጆቼን አየሁና ዝም አልኩ። ዛሬ ሰው ሁሉ «የሺ ኃይለኛ ናት፣ ለእውነት አትመለስም» ይለኛል። ያን ወር የት ነበርኩ?

አያ ተሰማ ተሽሏቸው ወደ ሥራ ተመለሱ። በመጀመሪያው ቀን ምሳ አቀረብኩላቸው። አልነኩትም። ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው በሉ። በማግስቱም ቆሎ። በሦስተኛው ቀን «አያ፣ ምን አጠፋሁ?» አልኩ።

«አንቺ ታውቂያለሽ። እስክትናገሪ ከእጅሽ አልቀምስም።»

«ተናገርኩ እኮ፣ አልሰማኝም።»

«ለማን? ለአንድ ሰው፣ በር ዘግተሽ?»

ያን ጊዜ ማኅበሩ ዘንድ ሄድኩ። የዚያን ጊዜው ሊቀ መንበር «የድርጅቱ ደብዳቤ ካልመጣ የአፍ ቃል አንቀበልም» አለኝ። ወደ ሥራ አስኪያጁ ተመለስኩ፤ ደብዳቤ አልሰጥም አለ። እዚህ ላይ ተውኩት። ሁለት ደጅ ረግጬ ተውኩት። አያ ተሰማ መብላቱን በኋላ ጀመሩ፣ ግን እንደ ድሮው «ጨው ጎደለ፣ ጨው በዛ» አላሉኝም። አለባቸው በቅሎውን ሸጦ አምባ ጊዮርጊስ ወርዶ የእህል ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። የመንገድ ሰው ከአንድ መጋዘን ሌላ መጋዘን ሲመላለስ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረ።

አሁን እንግዳ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ማኅበሩ አዲስ ምዝገባ አወጣ። አለባቸው አጠራቅሞ በቅሎ ገዝቷል። ይዟት መጣ። «ጥፋት አለብህ» ብለው መለሱት። ይህን የሰማሁት ከስልጠናው በወጣሁ ማግስት ነው። ነጠላዬን አጣፍቼ ቀጥታ ቢሯቸው ገባሁ። የአሁኑ ሊቀ መንበር ወጣት ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ።

«እማማ የሺ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ነገር ያነሣሉ? ያለፈ ታሪክ ነው እኮ።»

«ያለፈ ከሆነ መዝገባችሁ ላይ ምን ይሠራል?»

«እሱ ማስረጃ ነው።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

«እርስዎማ... ጊዜው ርቋል፤ አሁን ማን ያጣራዋል?»

በዚህ ጊዜ ደሜ ፈላ። «ስማ፣ እኔ ብዙ ዓይነት ሰው አብልቻለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ረጅም ነው የሚል ሕዝብ አውቃለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ምንም አይደለም የሚልም አውቃለሁ። በአንድ አፍ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለቱንም የሚል ግን ዛሬ አንተን አየሁ! ለአለባቸው ሲሆን ትናንት ነው፣ ለእኔ ሲሆን ታሪክ ነው?»

ደጅ የነበሩት ባለበቅሎዎች ድምፄን ሰምተው በሩ ላይ ተሰበሰቡ። አንዱ «ስድብ ሊወርድ ነው፣ ወንበር አምጡ» አለ። ሊቀ መንበሩ ተቀየመ፤ ግን ሰው ፊት ነውና «እሺ፣ ቅዳሜ በስብሰባው ይናገሩ» አለኝ።

ቅዳሜ ተናገርኩ። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ቆሜ ተናገርኩ፤ የበቅሎዋን ማንከስ፣ የሻዩን ዕቃ፣ ጣቴን። አርባ ያህል ባለበቅሎ ተቀምጧል። አለባቸው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ትከሻው ከጆንያው ጎብጧል። አንዴም አላየኝም።

ኮሚቴው ተንሾካሾከና ሊቀ መንበሩ ተነሣ። «እንግዲህ እማማ ስለመሰከሩ፣ አለባቸውን በይቅርታ በአዲስ ገቢነት ከተራው መጨረሻ እናስገባዋለን።»

«በምን ይቅርታ?» ብዬ ጮኽኩ። «ምን ስላጠፋ? የድሮ ቦታው አሥራ አንደኛ ነው፣ እዚያ መልሱት!»

ጉርምርምታ ሆነ። አሥራ አንደኛ ከገባ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ አንድ አንድ ይወርዳል። ማንም አልተነሣም። ያን ጊዜ ነው አለባቸው አፉን የከፈተው።

«ቦታውን ተዉት። መጨረሻ እሆናለሁ» አለ። «ይቅርታ የሚለውን ግን አውጡት። ‹ቅርብ ናት› ያለችው ማን እንደሆነች ስሟን ጻፉ። ስትጽፉም አንብቡልኝ፤ ያንን ወረቀት ያን ጊዜ ያነበበልኝ የለም።»

ጸሐፊው ሊቀ መንበሩን አየ። ሊቀ መንበሩ መሬት መሬት አየ። እኔ ጠረጴዛው ዘንድ ሄጄ ቆምኩ፤ አንድ አንድ ቃል እያልኩ አስጻፍኩት። ከሦስት ሰዓት በላይ የቀረውን መንገድ አንድ ሰዓት ነው ያልኩ፣ በቅሎዋንም አለባቸው እየተቃወመ ያስጫንኩ፣ እኔ የወጥ ቤት አለቃዋ የሺ ነኝ። አለባቸው ጥፋት የለበትም። ፈረምኩ። ጸሐፊው ተነሥቶ ጮክ ብሎ አነበበው።

አለባቸው እስከ መጨረሻው ሰማ። ኮፍያውን አደረገና ደጅ ወጥቶ በቅሎውን ፈታ። በአጠገቤ ሲያልፍ ሰላም አላለኝም።

ሰዎች «ምን ዓይነት ምስጋና ቢስ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። ዝም በሉ አልኳቸው። የራሱን ስም ነው የወሰደው፤ ለዚህ ማንን ያመሰግናል?